ከማን ጋር ዘፈንከው?

ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ፣ በአቦቦ ወረዳ የሚገኘው የአልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቭየት ባለሙያዎች እገዛ ሲገነባ የታሰበው ለመስኖ ነበር። 10 ሺህ ሄክታር ያህል ያጠጣል ተባለ፤ መጀመሪያ ጥጥ ታለመ፣ ኋላ ደግሞ ሩዝ መጣ። እቅዱና ሥራው ብዙ ጊዜ ሳይገናኙ ቢቀሩም አካባቢው ሰው ሰብስቧል። አኝዋዎች ድሮም እዚያው ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎና ከሌላውም ደጋ በሠፈራ የመጡ ገበሬዎች በወረዳው ጎጆ ቀለሱ። ዓሣ አስጋሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ነጋዴው ተከተለ። መንገዱን ይዞ ወደ ደቡብ የቀጠለ ደግሞ ፑኝዶ ይደርሳል፤ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች አርባ ዓመት ገደማ የሚያውቁት የስደተኞች ሰፈር ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ለጆሮ ሀብታም ነው። የአኝዋ ሽማግሌ በአውራ ጣቶቹ እየነካካ የሚጫወታት ቶም አለች፤ ትንሽ እንጨት ላይ የተሰደሩ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፣ ድምፅዋ ሩቅ ስለማይሄድ አድማጩ ራሱ ቀረብ ማለት አለበት። ከወሎ የመጣው አባት አምባሰልን ያንጎራጉራል። እሑድ የመካነ ኢየሱስ መዘምራን ከበሮ ይመታሉ። ልጆቹ ገበያ ወርደው በሚሞሪ ካርድ ያስጫኑትን ይሰማሉ፤ የአዲስ አበባው ዘፈን፣ የጁባው ራፕ፣ የሌጎሱ ጭፈራ አንድ ላይ ተቀላቅሎ። "የምንሰማው ሙዚቃ ጠባያችንን ይቀርጻል" የሚለውን አባባል መፈተን ለፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ልጅ በአንድ ቀን አራቱንም ይሰማል። የቀረጸው የትኛው ነው?

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው በክስ መልክ ነው። ወላጅ "ይሄ ዘፈን ልጄን አበላሸብኝ" ይላል፤ ሰባኪው "ዓለማዊ ዘፈን ነፍስን ያጎድፋል" ይላል፤ ባለሥልጣኑ "ወጣቱን የሚያነሳሳ" ያለውን ካሴት ያግዳል። በአንጻሩ ዘፋኙ "እኔ የማኅበረሰቡ መስታወት ነኝ" ብሎ ይከላከላል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። የላቦራቶሪውን ወረቀትም የጋምቤላን ታሪክም ጎን ለጎን ሳያቸው፣ ሰው ምን እንደሚሰማ ከመጠየቅ ይልቅ ከማን ጋርና ለምን እንደሚዘፍነው መጠየቅ ይበልጥ ወደ ነገሩ ያደርሳል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳ።

ሙዚቃ ሰውን ይለውጣል የሚለው እምነት ጥንታዊ ነው። ፕላቶን "ሪፐብሊክ" በተባለው ድርሰቱ ለከተማው ጠባቂዎች የሚፈቀዱትንና የሚከለከሉትን የዜማ ስልቶች ለይቶ አስቀምጧል፤ ልቅሶ የሚያበዛውና የሚያላላው ይቅር፣ ጀግንነትንና እርጋታን የሚያስተምረው ይቆይ ብሎ። የእኛዎቹ ሊቃውንት ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ለየወቅቱና ለየስሜቱ ደልድለውታል። ገድሉ የሚተርከውን የማያውቅ የለም፤ ያሬድ ሲያዜም አፄ ገብረ መስቀል በተመስጦ ጦራቸውን እግሩ ላይ ተከሉ፣ ንጉሡም ዘማሪውም አላወቁትም። በሕዝቡ ዘንድ ደግሞ ባለ አሥር አውታሩ በገና የዳዊት ተብሎ ሲከበር፣ የቅርብ ዘመዱ ክራር የሰይጣን ተብሎ ተሰድቧል። የሁለቱ አሠራር እምብዛም አይራራቅም። ልዩነቱ አንዱ ለጸሎት፣ ሌላው ለጠጅ ቤትና ለፍቅር መዋሉ ነው። ይህን ልብ ይሏል፤ አባቶቻችን ሳያስቡት የፈረዱት በድምፁ ሳይሆን በማኅበሩ ላይ ነበር።

ሙዚቃን ከሁሉ ይበልጥ የፈራው ግን ፈላስፋም ካህንም አይደለም። ማርሻል ግራዚያኒ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ በመጋቢት 1929፣ ጠንቋዮችና ተረት ነጋሪ ዘፋኞች እንዲረሸኑ አዘዘ። የሠራዊት፣ የአውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ጌታ የሆነ ሰው ማሲንቆ የያዘውን ሰው ጠላት ብሎ መዝገብ ላይ አሰፈረው። ወራሪው ያሳደደው ጣዕመ ዜማውን አልነበረም፤ አዝማሪው ከገበያ ገበያ እየዞረ የሚያገናኘውን ሰው ነበር የፈራው።

አሁን ወደ ዘመናዊው ጥናት እንለፍ፤ እዚህ ቶሎ ቶሎ መሄድ ይቻላል፣ ምክንያቱም ከሚወራለት ያነሰ ነው የሚለው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሬንትፍሮው እና ጎስሊንግ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከ3,500 በላይ ሰዎችን ጠይቀው የሙዚቃ ምርጫን ከጠባይ ጋር አስተያዩ። ዝምድና አገኙ፤ አዲስ ነገር የሚወድ ሰው ረቀቅ ያለ ሙዚቃ ይመርጣል፣ ተግባቢው ሰው ሞቅ ያለውን ይወዳል፣ ወዘተ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ግሪንበርግ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ ከ50 በላይ አገሮች ውስጥ ባሉ ከ350 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ደግመው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። መጠይቁ በኢንተርኔት የተሰራጨ ስለሆነ የሚነግረን ስለ ኢንተርኔት ተጠቃሚው ዓለም ነው። ከዚያ በላይ ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ሁለቱም ጥናቶች ጠባይ ዘፈኑን መረጠው ወይስ ዘፈኑ ጠባዩን ሠራው የሚለውን አይፈቱም። ዝምድናውም ለአንድ ሰው ዕጣ የሚበቃ አይደለም፣ ደካማ ነው። ከልጁ የስልክ ዝርዝር ተነስቶ "ይሄ ልጅ እንዲህ ነው" የሚል ሰው ከቡና ስኒ አተላ ከሚያነብ ሰው ብዙም አይሻል።

መንስኤና ውጤቱን ለመለየት የሞከሩም አሉ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) አንደርሰንና ሁለት ባልደረቦቹ ከ500 በላይ የኮሌጅ ተማሪዎችን በአምስት ሙከራዎች ጥላቻና ድብደባ ያለባቸውን ዘፈኖች አሰሟቸው፤ ተማሪዎቹ የጠብ ሐሳብና የጥላቻ ስሜት ጨመረባቸው። ግሬተማየር የተባለ ተመራማሪ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ተቃራኒውን ሞከረ፤ ደግነትን የሚያነሱ ግጥሞችን የሰሙ ሰዎች ሌላውን ለመርዳት ይበልጥ ዝግጁ ሆኑ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን የተለካው ከዘፈኑ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው፤ ራሳቸው እነ አንደርሰን ውጤቱ ቶሎ ሊጠፋ እንደሚችል፣ ሌላ ዘፈንም ሊሽረው እንደሚችል ጽፈዋል። የአልዌሮው ልጅ ከራፑ ቀጥሎ መዝሙር ይሰማል፤ ታዲያ ማን ያሸንፋል?

ስለ ሞዛርት ሙዚቃ የተወራውማ ለዚህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ አጭር ጽሑፍ 36 ተማሪዎች ሞዛርትን ከሰሙ በኋላ የቦታና የቅርጽ ፈተና ላይ ከ8 እስከ 9 ነጥብ እንዳሻሻሉና ውጤቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንደቆየ ተናገረ። ከአምስት ዓመት በኋላ የጆርጂያ ግዛት ገዢ ለአራስ ሕፃናት ሁሉ ሲዲ ለመግዛት በጀት ጠየቀ። ኋላ በሌሎች ላቦራቶሪዎች የተደገሙት ሙከራዎች ተሰብስበው ሲገመገሙ ለሞዛርት ብቻ የተለየ ጉልበት አልተገኘም። ሰውን ያነቃ ማንኛውም ነገር ለጥቂት ደቂቃ ያነቃዋል፤ ያ ብቻ።

ከላቦራቶሪው ውጭ ግን አንድ የሚያስቅ ሙከራ አለ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር ላይ የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በአንድ ሱፐርማርኬት የወይን መደርደሪያ አጠገብ አንድ ቀን የፈረንሳይ፣ አንድ ቀን የጀርመን ሙዚቃ እያፈራረቀ አስከፈተ። የፈረንሳዩ ሙዚቃ ሲከፈት 40 የፈረንሳይ ጠርሙስና 8 የጀርመን ተሸጠ፤ የጀርመኑ ሲከፈት 22 የጀርመንና 12 የፈረንሳይ። አብዛኞቹ ገዢዎች ግን ሙዚቃው ምርጫችንን አልነካም አሉ። ሙዚቃ ገዢውን ፈረንሳዊ አላደረገውም። አስቀድሞ በጭንቅላቱ ውስጥ የነበረውን አንድ ሐሳብ ቀሰቀሰ። እኔ ስለ ሙዚቃ ጉልበት ከሚነገረው ሁሉ የበለጠ የማምነው ይህን ነው፦ ሙዚቃ የሌለውን አያመጣም፤ ያለውን ይቀሰቅሳል፣ ይሰበስባል፣ አቅጣጫ ይሰጣል። የሚሰበስበው ሰው ሲኖር ደግሞ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

ጋምቤላ የምትገባው እዚህ ላይ ነው።

የኑዌር ወጣት ግንባሩ ላይ "ጋር" የሚባለውን ምልክት ተበጥቶ ወንድ ሲባል ከአባቱ ወይም ከአጎቱ አንድ በሬ ይሰጠው ነበር። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኑዌሮች ጋር ኖሮ በ1940 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ወጣቱ የበሬውን ቀለምና የቀንድ ቅርጽ ስም ለራሱ መጠሪያ ያደርገዋል፣ ከብቶቹ ሲገቡም ስለ በሬው እየዘፈነ ይዞርበታል። በዘፈኑ ውስጥ ዘመዶቹ ይጠራሉ፣ የወደዳት ልጅ ትነሳለች፣ የናቁት ይመለስላቸዋል። ወጣቱ ይህን ዘፈን ሰምቶ አይደለም የተቀረጸው፤ ራሱ ገጥሞት፣ እኩዮቹ ሰምተውት፣ ተቀብለውት ነው "እገሌ" የሆነው። ስልክ ላይ ከሚያዳምጥ ሰው ጋር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ሠራዊት በ1975 ሲመሠረት ማሠልጠኛዎቹ በጋምቤላ ነበሩ። ከመካከላቸው ዋናው በባሮ ዳር ያለው ቦንጋ ነው፤ ከካፋው ቦንጋ ጋር እንዳይምታታ። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች እየሮጡ፣ እያጨበጨቡ፣ ከሌሊት እስከ ንጋት የሞራል ዘፈን ይዘፍኑ ነበር። የድርጅቱ መኮንን የነበረው ምሁር ፒተር አድዎክ ኛባ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የትግሉ ታሪክ እነዚያን ዘፈኖች አንስቷቸዋል። ይዘታቸው ጠመንጃን የእንጀራ ምንጭ የሚያደርግ፣ ሠልጣኙ በገዛ ቤተሰቡ ላይ እንኳ እንዲጨክን የሚያለማምድ ነበር። ኛባ ሠራዊቱ በኋላ በሲቪሉ ላይ ያሳየውን ጭካኔ ከዚህ ጋር ያያይዘዋል። ቆም ብለን እንየው፦ እነዚህ ልጆች ከከብት በረት የመጡ ናቸው። ትናንት ስለ በሬያቸው ሲዘፍኑ የዘመዶቻቸውን ስም ይጠሩ ነበር። ቦንጋ ላይ የዘፈን ችሎታው ያው ነው፣ ጉሮሮውም ያው ነው። የተለወጠው ማኅበሩ ነው፤ በዘመድ ፈንታ ሻለቃ፣ በበሬ ፈንታ ክላሽ፣ በእኩዮች ፈንታ አዛዥ። ዘፈኑ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንኳን ጭካኔ እንቅልፍም አይነሳም ነበር። ከረሃብ፣ ከዱላ፣ ከሹመትና ከመሣሪያ ጋር ሲሆን ግን ሰው ይሠራል፤ ወይም ያፈርሳል።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ኢማኑኤል ጃል ነው። በ1980 ገደማ (እ.ኤ.አ.) በሱዳን ተወልዶ፣ ትምህርት ትገባለህ ተብሎ ወደ ኢትዮጵያ የተጓዘና በፑኝዶ ሰፈር ያደገ፣ ኋላም መሣሪያ የያዘ ልጅ ነበር። ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ የጋምቤላ ካምፖች ተበተኑ፤ ጃል ብዙ ተንከራቶ ኬንያ ገባ፣ ራፐር ሆነ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ከሰሜን ሱዳናዊው ሙስሊም ዘፋኝ ከአብደል ጋድር ሳሊም ጋር አንድ አልበም አወጣ፤ ርእሱ የተኩስ አቁም ስምምነት ማለት ነው። በልጅነቱ እንዲገድላቸው የተማረው ሰዎች ወገን ከሆነ አንጋፋ ጋር። ራፕ ወጣቱን ያበላሻል የሚል ሰው ይህን ሰው ምን ሊለው ነው? የማርሹን ዘፈን የሠራዊቱ ጓዶች አስተማሩት፣ ራፑን ናይሮቢ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎችና ከስደተኞች ጋር ያዘው። ዘውጉን ከሰሱ እንጂ ማኅበሩን ያየ የለም።

በዚያው ዘመን በእነዚያው የጋምቤላ ካምፖች ሌላ ዘፈን እየተሠራ ነበር። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢታንግና በሌሎቹ የስደተኞች ሰፈሮች ብዙ ኑዌሮች ክርስትናን ተቀበሉ፤ ወጣቶችና ሴቶች በራሳቸው ቋንቋ መዝሙር እየገጠሙ በከበሮ ማስተማር ያዙ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ 307 ሺህ ያህል ሕዝብ 70 በመቶው ፕሮቴስታንት ሆኖ መገኘቱ የሚሲዮን ሥራ ውጤት ነው፣ አዎ፤ አሜሪካኖቹ ፕሬስቢቴሪያኖች በባሮ ዳር ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነበሩ። ከመጽሐፉ ይልቅ ግን መዝሙሩ ይበልጥ ሩቅ የሄደ ይመስለኛል። ማንበብ የማይችል ሰው የሃይማኖቱን ትምህርት በዜማ ይዟል። ሚኔሶታና ነብራስካ የሄዱት ኑዌሮችና አኝዋዎችም ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲያቆሙ መዝሙራቸውን ይዘው ነው የሄዱት።

እንግዲህ አንድ ዘመን፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ሕዝብ፤ ሁለት ዓይነት ዘፈን፣ ሁለት ዓይነት ሰው። ለምን? በ2009 (እ.ኤ.አ.) ስታንፎርድ ላይ ዊልተርመስና ሂዝ ተማሪዎችን አብረው እንዲራመዱ ወይም የካናዳን መዝሙር አብረው እንዲዘፍኑ አደረጉ፤ አሜሪካኖች ናቸው፣ የካናዳ መዝሙር ልባቸውን አይነካም። ያም ሆኖ እኩል እየተራመዱና እኩል እየዘፈኑ የቆዩት በኋላ በገንዘብ ጨዋታ ላይ ይበልጥ ተባበሩ፣ ይበልጥም ተማመኑ። ጀርመን ውስጥ ኪርሽነርና ቶማሴሎ 96 የአራት ዓመት ሕፃናትን ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲያጫውቱ፣ እየዘፈኑ የተጫወቱት ያለ ዘፈን ከተጫወቱት ይልቅ ጓደኛቸውን ረዱ። ጥቅሙ ለማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ደግ ከሆነ ደግነት ያድጋል፣ ማኅበሩ ለግድያ የተሰበሰበ ከሆነም መተማመኑ ለግድያው ይውላል። አብሮ መዝፈን ራሱ ጻድቅም ኃጥእም አይደለም።

በሩዋንዳ ጉዳይ ይህ በፍርድ ቤት ተፈትኗል። ሲሞን ቢኪንዲ የታወቀ ዘፋኝ ነበር፤ ዘፈኖቹን የጥላቻ ሬዲዮው አርቲኤልኤም በ1994 (እ.ኤ.አ.) ደጋግሞ አሰማቸው። ለሩዋንዳ የተሰየመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ችሎት በ2008 (እ.ኤ.አ.) ዘፈኖቹ የፕሮፓጋንዳ ዓላማ እንደነበራቸው አምኗል። 15 ዓመት የፈረደበት ግን በዘፈኖቹ አይደለም፤ በመኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ቱትሲዎች እንዲገደሉ በመጥራቱ ነው። አንዳንዱ ፍርዱ ዘፈንን ነፃ ለቀቀ ብሎ አዘነ። እኔ ልክ ነው እላለሁ፤ ዳኞቹ ዘፈኑን ከሬዲዮ ጣቢያው፣ ከመኪናውና ከጥሪው ነጥለው መዘኑት፣ ክብደቱም የት እንዳለ አዩ።

የራሳችን አገር ምስክሮች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። በ1960ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የባላገሩን የፋኖ ዜማ አንስተው ስለ ቬትናምና ስለ ቼ ጉቬራ ዘፈኑበት። ዜማው ለዘመናት ሽፍታን፣ አርበኛንና አዳኝን አገልግሏል፤ ያን ጊዜ ማርክሲስት ሆነ። ሌላው የኦሮምኛ ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ ነው። ገና በ17 ዓመቱ ታስሮ አምቦ እስር ቤት አምስት ዓመት ቆየ፣ የመጀመሪያ አልበሙንም እዚያው ጀመረው። በታኅሣሥ 2010 ሚሊኒየም አዳራሽ ላይ ያቀረበው ገራርሳ፣ የኦሮሞ የጀግንነት ዘፈን፣ የተሰማው ለኦሮሞ ተፈናቃዮች በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ነው፤ ለብዙዎች ያንን ዘመን የሚያስታውሳቸው እርሱ ነው። ዘፈኑን ቤቱ በጆሮ ማዳመጫ የሰማና አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው አንድ ነገር አልሰሙም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሲገደል አገር የተናወጠው ስለ ዜማው ውበት አልነበረም።

የጆሮ ማዳመጫው ነገር ስለተነሳ፣ የዘመናችን ልጅ ብቻውን መስማቱ ብዙ ወላጅ ከሚፈራው የተለየ ችግር ነው። ሆልብሩክና ሺንድለር በ1989 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ አብልጠው የሚወዱት በ23 ዓመት ተኩል አካባቢ የሰሙትን ዘፈን ነው። ያ የጓደኝነት፣ የፍቅርና የሥራ ፍለጋ ዕድሜ ነው፤ ዘፈኑ የሚጣበቀው ከእነዚያ ሰዎች ጋር ስለሆነ ነው ብል ብዙ የምስት አይመስለኝም። ዛሬ አቦቦ ገበያ ላይ በ32 ጊጋባይት ካርድ ሺህ ዘፈን ያስጫነ ልጅ ከሺው የሚቀርጸው የለም ይሆናል፤ ማንም አብሮት አይዘፍነውምና። ይልቅ ያ ልጅ ምሽት ላይ የት እንደሚቀመጥ፣ ከነማን ጋር እጁን እንደሚያጨበጭብ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ቤተ ክርስቲያን ነው? የቀበሌ ኳስ ቡድን ነው? ወይስ ወንዝ ማዶ ያለውን ጎሳ የሚሰድብ ጭፈራ ቤት?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ለጋምቤላ ቅንጦት አይደለችም። አኝዋና ኑዌር በአንድ ክልል፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ሆስፒታል ይኖራሉ፤ በመሬት፣ በግጦሽና በሥልጣን ሲጋጩም ኖረዋል። ሁለቱም ሕዝቦች የስድብና የጀግንነት ዘፈን አላቸው። ዘፈኑን ማገድ እንደ ግራዚያኒ መሆን ነው፤ አያዋጣም፣ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ። የሚያዋጣው ዘፋኙን ማኅበር መስጠት ነው። ስለዚህ ለክልሉ የባህል ቢሮና ለሰላም ኮሚቴዎች አንድ ጥሪ አለኝ፦ በሚቀጥለው የአኝዋና የኑዌር ዕርቅ ላይ ከሽማግሌዎቹና ከወረዳ አስተዳዳሪዎቹ ጎን የቶም ተጫዋቹንና የኑዌር ገጣሚውን አስቀምጧቸው። መድረክ ላይ እንግዳ ለማዝናናት አትጥሯቸው፤ የዕርቁን ቃል በሁለቱም ቋንቋ እንዲገጥሙት፣ ወጣቶቹም አብረው እንዲዘፍኑት ሥራ ስጧቸው፣ አበል ክፈሏቸው።